ኮርሳ ለምዳችሁ በብርዱ ወራት ጭቃና ጠጠር ላይ መንዳት ለምትፈልጉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኖቬምበር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ሰመሩን ሙሉ አስፋልት ላይ በኮርሳ፣ በቀጭን ጎማው የመንገድ ሳይክል፣ አብረን የነዳን ጓደኞቼ፣ ከዚያም የእነሱ ጓደኞች፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይልኩልኛል፦ «ለጫካው የቱን ሳይክል ልግዛ?» ያንኑ መልስ ደግሜ ደጋግሜ ስጽፍ ስድስተኛ ዊንተሬ ሆነ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ ላይ ሰብስቤ መለስኳቸው። የምነዳው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው። ሌላ አገር ያላችሁ የመንገዱን ስም በራሳችሁ ሰፈር ተኩት።

በብርድ ለምን ከአስፋልት ልውጣ? ወፍራም ልብስ ለብሼ ኮርሳዬን ብነዳስ?

ትችላላችሁ። እኔን ግን ሦስት ነገር አስወጥቶኛል።

አንደኛው መኪና ነው። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ዲሲ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ከ46 ገደማ ነው፣ በፈረንጆቹ 4:46 ማለት ነው። ከሥራ ወጥቶ መንዳት ማለት እንግዲህ በጨለማ፣ ወደ ቤቱ ከሚጣደፍ ሾፌር ጎን መንዳት ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ይህን ሒሳብ ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያሳይ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሰው ፊቱ ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 6 ያህል ነው። በ15 ሲነዳ 4 ገደማ ይሆናል። ጫካ ውስጥ ፍጥነቱም ይቀንሳል፣ ዛፉም ነፋሱን ይሰብረዋል። ጣቶቻችሁ ልዩነቱን ወዲያው ያውቁታል።

ሦስተኛው ጨው ነው። በረዶ ይጥላል በተባለ ቁጥር አስፋልቱ ላይ ጨዋማ ውሃ ይረጫል። ሲደርቅ ነጭ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። ያ ጨው ሰንሰለቱን፣ ብሎኑን፣ ኩሽኔታውን ሁሉ ይበላል። ኮርሳዬ ዲሴምበር ላይ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እስከ ማርች አይወርድም።

«ጭቃ ላይ ከርሜ እግሬ ቢሰንፍስ?» ለሚለኝ ደግሞ ሆላንዳዊውን ሳይክል ተወዳዳሪ ማቲዩ ቫን ደር ፑልን እጠራለታለሁ። በ2025 ለሰባተኛ ጊዜ የሳይክሎክሮስ፣ ጭቃ ላይ የሚደረገው የሳይክል ውድድር፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ትልልቆቹ የኮርሳ ውድድሮች፣ ሚላን–ሳን ሬሞም ፓሪ–ሩቤም፣ የእሱ ነበሩ።

ኮርሳዬ ላይ ሰፋ ያለ ጎማ ባስገባበትስ?

የመጀመሪያ ዊንተሬን እኔም እንደዚያ ነበር የጀመርኩት። ኮርሳዬ የሚችለው ትልቁ ጎማ 28 ሚሊ ሜትር ነበር። አስገባሁበትና አንድ የጃንዋሪ ቅዳሜ ጠዋት ከጆርጅታውን ተነሥቼ የሲ ኤንድ ኦ ካናልን ዳር ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ድሮ በቅሎዎች ጀልባ የሚጎትቱበት ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ይሄዳል። ሜዳ ነው፣ መኪና የለም፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ስነሣ መሬቱ በሌሊቱ ብርድ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሮ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ አቀለጠችው። ግሬት ፎልስን አልፌ ስዌንስ ሎክ ልደርስ ስል የፊት ጎማዬ እየከበደ፣ እየከበደ መጣና ቆመ። ወርጄ አየሁት። ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ፎርኬላው አናት ሥር ገብቶ ጎማውን አንቆታል። ጭድና ጭቃ ተቦክቶ ግድግዳ ሲመረግ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ ነበር። በእንጨት ፈልፍዬ አወጣሁት። መቶ ሜትር ሄድኩ፤ እንደገና ቆመ። ቀሪውን መንገድ ግማሹን ሳይክሉን ተሸክሜ ነው የጨረስኩት።

ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ምክሬ ሁሉ የሚነሣበት ነው። የዊንተር ሳይክል ስትመርጡ የምትገዙት ከሁሉ በፊት ባዶ ቦታ ነው። በጎማውና በፍሬሙ መሀል፣ በጎማውና በፎርኬላው መሀል ያለውን ክፍተት ማለቴ ነው። በሁለቱም ጎንና ከላይ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ይኑር። መለኪያው ቀላል ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር የአለን ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱና በክፍተቱ አሳልፉት። ሳይነካ ካለፈ ጥሩ። ካልገባ ሻጩ ምንም ቢል ያ ሳይክል ለጭቃ አይሆንም።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ኮርሳዎች 32 አልፎም 35 ሚሊ ሜትር ይቀበላሉ። የእናንተ ከእነዚህ ከሆነ በደረቅ ቀን ካናሉን ሞክሩት። ሳትገዙ መቅመስ ይቻላል።

እሺ፣ ታዲያ የቱን ዓይነት ልግዛ? ግራቭል፣ ሳይክሎክሮስ፣ ማውንቴን፣ ፋት ባይክ እያሉ ግራ አጋቡኝ።

ግራ የሚያጋባው ከሳይክሉ ስለምንጀምር ነው። ከመንገዱ እንጀምር። በመጪው ሦስት ወር አብዛኛውን ቀን የት ነው የምትነዱት? ከቤታችሁ ተነሥታችሁ በጎማ ልትደርሱበት የምትችሉት መንገድ የቱ ነው? ሩቅ ያለውን፣ መኪና ላይ ጭናችሁ የምትሄዱበትን አትቁጠሩ። በብርድ ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ መኪና ላይ መጫኑ ይቀራል። ከራሴ አውቀዋለሁ።

መልሳችሁ የካናል ዳር፣ የጠጠር መንገድ፣ የገጠር ኮረኮንች፣ መሀል መሀሉ ላይም አስፋልት ከሆነ ግራቭል ግዙ። መሪው እንደ ኮርሳ የተጠማዘዘ ነው። አቀማመጡን ሰውነታችሁ ያውቀዋል። ፍሬሙ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ጎማ ይቀበላል። ፓራፋንጎና ቦርሳ የሚታሰርበት ቀዳዳ አለው። ከኮርሳ ለሚመጣ ሰው በአሥር ጊዜ ሰባቱን ይህን ነው የምመክረው። ከ45 በታች የሚቀበለውን ግን ለዊንተር አልወደውም። 40 ጎማ አስገብታችሁ ለጭቃው የሚተርፍ ቦታ ያስፈልጋልና።

መልሳችሁ ሥር፣ ድንጋይ፣ ጠባብ የጫካ ቀጭን መንገድ ከሆነ ግራቭል ያሰቃያችኋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ዌክፊልድ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሼፈር ፋርም ዓይነት ቦታ ማለቴ ነው። እዚያ ሃርድቴይል ማውንቴን ውሰዱ። ፊቱ አሞርዛተር ያለው፣ ኋላው ድርቅ ያለ ነው። ጎማው ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች ነው። ኋላውም አሞርዛተር ያለውን ለዊንተር አልመክርም። ውሃና አሸዋ የሚገባበት ኩሽኔታ ይበዛል፣ እሱን ማስጠገኑም ውድ ነው። የጀመርነው ሳይክል ከሚበላው ጨው ልንሸሽ መሆኑን አንርሳ።

ሳይክሎክሮስ መሀል ላይ ያለ ይመስላል። የውድድር ሳይክል ነው፤ ለአንድ ሰዓት ጭቃ፣ እየወረዱ ለመሸከም፣ እየዘለሉ ለመውጣት የተሠራ። በውድድር ሕጉ ጎማው ከ33 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በዚህ ምክንያት ብዙ የቆዩ የሳይክሎክሮስ ፍሬሞች ከ35 በላይ አይቀበሉም። መወዳደር ከፈለጋችሁ ግዙት፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ለሦስት ሰዓት የቅዳሜ ጉዞ ግን ጀርባችሁ ይቆጣል።

ፋት ባይክ የበረዶ ነው። ሚኔሶታ ያለው የሳይክል ኩባንያ ሰርሊ በ2005 ፐግስሊ የሚባለውን ባለ 3.7 ኢንች ጎማ ሳይክል አውጥቶ ገበያውን ከፈተው። ሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ለእናንተ ይገባል። ሜዳው ለወራት ነጭ ሆኖ ይከርማልና። ዲሲ ውስጥ ግን በረዶው ጥሎ በሦስተኛው ቀን ውሃ ነው። አንድ ጓደኛዬ ገዝቶ ሁለት ቀን ነድቶታል። አሁን ጋራዡን ግማሹን ይዞ ቆሟል።

አንድ ሰው የማይነግራችሁን ልጨምር። ከ20 ዓመት በፊት የተሠራ፣ ያለ አሞርዛተር፣ ባለ 26 ኢንች ጎማ ማውንቴን የሆነ ሰው ጋራዥ ውስጥ ተረስቶ ይገኛል። ጎማውን ብቻ አዲስ አድርጉለት። ለመጀመሪያ ዊንተር ከበቂ በላይ ነው። ዘንድሮ ምን እንደሚያምራችሁ ትማሩበትና ለከርሞ ዐውቃችሁ ትገዛላችሁ።

ስለ ጎማው ስፋትና ስለ ነፋሱ ንገረኝ። ኮርሳዬ ላይ 80 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) እነፋለሁ።

ይህ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። አብዛኛው ሰው ሺህ ዶላር ሳይክሉ ላይ አውጥቶ ይህን ሳይጠይቅ ይቀራል።

ኮርሳ ያስተማረን ነገር «ጎማ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል» የሚል ነው። ጠጠር ላይ ተቃራኒው ነው። የጠነከረ ጎማ በየድንጋዩ ይዘላል። በዘለለ ቁጥር ወደ ፊት የሚወስዳችሁ ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል። ለስለስ ያለው ድንጋዩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል። እርጥብ ሥር ላይ ደግሞ የሚያድናችሁ ይኸው ልስላሴ ነው። ጎማው መሬቱን ሲያቅፈው አይንሸራተትም።

75 ኪሎ ለሚሆን ሰው መነሻ የምሰጠው ቁጥር ይህ ነው። ባለ 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ30 እስከ 38 ፒኤስአይ። ባለ 2.3 ኢንች ከ20 እስከ 25። የፊቱን ከኋላው 2 ወይም 3 ፒኤስአይ ቀንሱት፤ ክብደታችሁ የሚያርፈው ኋላ ነውና። ፋት ባይክ በረዶ ላይ ከ10 በታች ይወርዳል። መኪና ላይ የሚሠራ ትልቅ ፖምፓ እነዚህን ትንንሽ ቁጥሮች በትክክል አያሳይም። ዝቅተኛ ነፋስ የሚለካ ትንሽ ጌጅ ግዙ።

ከቤት በወጣችሁ በአሥረኛው ደቂቃ ቁሙና ጎማውን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ትንሽ አስተንፍሱት። እንደገና ንዱ። ቸርኬው ድንጋይ ላይ «ጓ!» ብሎ እስኪመታ ድረስ ካወረዳችሁት በዝቷል፤ 3 ፒኤስአይ መልሱለት። ይህን አንድ ቀን ካደረጋችሁ የራሳችሁን ቁጥር አገኛችሁ። ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፣ እኔም ጭምር። ደግሞም ሞቃት ቤት ውስጥ የተነፋ ጎማ ብርድ ውስጥ ሲገባ ነፋሱ ይቀንሳል። ሳይክሉን ውጭ ትንሽ አቆይታችሁ ለኩት።

የጎማው ጥርስስ? ለጭቃ የሚሆነው ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ነው። ጥርሶቹ ከተቀራረቡ ጭቃው መሀላቸው ይቀርና ጎማው ለስላሳ ኳስ ይሆናል። ግን ጥልቅ ጥርስ አስፋልት ላይ ያጉረመርማል፣ ይጎትታልም። መንገዳችሁ ግማሹ አስፋልት ከሆነ መሀሉ ለስለስ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ ያለው ይበቃል። አንድ ጥሩ ጎማ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ለፊት ግዙት። የኋላው ሲንሸራተት ሰው ይደነግጣል፣ የፊቱ ሲንሸራተት ግን ይወድቃል።

ካላማዳሪ ያለው ይሻላል ወይስ ቲዩብለስ?

ቲዩብለስ፣ ማለትም ካላማዳሪ የሌለው፣ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚገባበት ጎማ። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ነፋሱ ሲቀንስ ድንጋይና ቸርኬ መሀል ተቀርጥፎ ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ያወጣል። እሾህም አለ። ቲዩብለስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ትንንሹን ቀዳዳ ራሱ ይደፍነዋል። ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ፣ ጣታችሁ ደንዝዞ፣ ጎማ ማውለቅ ምን እንደሚመስል አንዴ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ደግሞ አይጠይቅም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ፈሳሹ በወራት ውስጥ ይደርቃል። ኖቬምበር ላይ ከፍታችሁ እዩት፣ ከደረቀ አድሱት። ሁለተኛ፣ ትርፍ ካላማዳሪ ሁልጊዜ ያዙ። ትልቅ ቅድ ሲገጥም ፈሳሹ አያድንም።

ፍሬኑ የግድ ዲስክ መሆን አለበት?

ለዊንተር አዎ። ዲስክ ማለት ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሀል ላይ ያለ የብረት ሳህን የሚይዝ ፍሬን ነው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን እርጥብ ሲሆን ለመያዝ ይዘገያል። አሸዋውም ጎማው በዞረ ቁጥር ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በዘይት የሚሠራውን (ሃይድሮሊክ) ካገኛችሁ ውሰዱ። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ በአንድ ጣት ትይዙታላችሁ። ገመድ ያለውም ይሠራል፣ ገመዱ ጭቃ ሲገባበት ብቻ ይከብዳል።

የዲስኩ ሸራ ሁለት ዓይነት ነው። ለስላሳው፣ ሬዚን የሚሉት፣ ድምፅ የለውም ግን በእርጥብ አሸዋ ቶሎ ያልቃል። አንድ የዝናብ ቀን ጨርሶት ሲመጣ አይቻለሁ። ብረት ያለበት፣ ሲንተርድ የሚሉት፣ ይጮኻል ግን ይቆያል። ዲስካችሁ ላይ «ሬዚን ብቻ» የሚል ጽሑፍ ካለ የብረቱን አታድርጉበት።

ማርሹስ? ኮርሳዬ ፊቱ ሁለት ባለጥርስ ቀለበት አለው፤ አዲሶቹ አንድ ብቻ ናቸው።

ፊቱ አንድ የሆነውን እወደዋለሁ። ጭቃ የሚያስቸግረው አንድ ነገር ቀነሰ ማለት ነው። ዋናው ግን ከሁሉ ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ቀላል ነው የሚለው ነው። እግራችሁ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲዞር በቀላሉ ማርሽ የምትሄዱበትን ፍጥነት አስሉት። ፊቱ 34 ጥርስ፣ ኋላው 32 ጥርስ የሆነ ኮርሳ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፊቱ 40 ኋላው 44 የሆነ ግራቭል 7 ገደማ። ፊቱ 32 ኋላው 51 የሆነ ማውንቴን 5 ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እርጥብ ቅጠል የለበሰ ዳገት ላይ ግን ከ8 በታች መሄድ ካልቻላችሁ ትቆማላችሁ። ቆሞ እየረገጡ መውጣትም አይሠራም፤ ከኮርቻው ስትነሡ የኋላ ጎማው ባዶውን ይዞራል። ተቀምጣችሁ፣ በቀላል ማርሽ፣ በዝግታ። ከኮርሳ ለመጣን ሰዎች ለመማር ረጅም ጊዜ የሚወስድብን ይህ ነው።

ልኩ ከኮርሳዬ ጋር አንድ ነው?

በቁጥሩ አትመኑ። 54 የሚል ኮርሳ የሚነዳ ሰው በአንዱ ግራቭል 52፣ በሌላው «ሚዲየም» ይሆናል። ኮርሳችሁን በሜትር ለኩት። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሀል እስከ ኮርቻው አናት፣ ከኮርቻው ጫፍ እስከ መሪው ድረስ። ያን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የኮርቻውን ከፍታ ከኮርሳው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት፤ ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል። መሪውም ትንሽ ቀረብና ከፍ ይበል።

ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ አንድ ነገር ፈትሹ። ፔዳሉን ወደ ፊት አድርጋችሁ መሪውን አዙሩት። ጫማችሁ የፊት ጎማውን ከነካ ጠባብ ጫካ ውስጥ ያስጥላችኋል። እህቴ ይህ ገጥሟት ባለ 27.5 ኢንች ጎማ ስትወስድ ተገላገለች። ከትልቁ ያነሰ ነው ብሎ የሚያፍር ሰው አለ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የኮርሳ ጫማዬና ፔዳሌ ይሠራሉ?

አይሠሩም። የኮርሳ ጫማ ሥሩ ትልቅ ፕላስቲክ አለው። ጭቃና በረዶ ሲገባበት ፔዳሉ ላይ አይገባም፣ ወርዳችሁ ስትገፉም ያንሸራትታል። ባለ ሁለት ብሎን፣ ብረቱ ሶሉ ውስጥ የሚደበቀውን የማውንቴን ዓይነት ውሰዱ። ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ጠፍጣፋ ፔዳልና ሞቅ ያለ ቡት ጫማ የመጀመሪያውን ወር ያስጨርሳችኋል። በጫማውና በካልሲው መሀል ጣታችሁን የምታንቀሳቅሱበት ቦታ ይኑር፤ የጠበበ ጫማ ደሙን ያግደዋል፣ እግርም ይደነዝዛል።

ክብደቱ 11 ኪሎ ነው አሉኝ። ኮርሳዬ 8 ነው። አይከብድም?

ይከብዳል። ለውጥ አያመጣም። ሁለት ኪሎ ጭቃ ተሸክማችሁ ነው የምትመለሱት። በዚያ ገንዘብ ጎማ፣ ፓራፋንጎና ጥሩ መብራት ግዙ።

ያገለገለ ልግዛ? ምን ልይ?

ግዙ። ከጃንዋሪ በኋላ ሰው በጉጉት ገዝቶት የተወውን ይሸጣል። እኔ ሁለቱንም ሳይክሎቼን እንደዚያ ነው ያገኘሁት።

ሄዳችሁ ስታዩ መጀመሪያ አገላብጡት። ከኋላ ጎማው ጎን፣ ፍሬሙ ወደ ኋላ የሚዘረጋበትን የውስጥ ገጽ በእጃችሁ ዳስሱ። ጭቃና ጠጠር ከጎማው ጋር እየዞረ ፍሬሙን ይፍቀዋል። ቀለሙ ብቻ ከሄደ ችግር የለም። ካርቦን ሆኖ ጎድጎድ ያለ፣ ክር ክር ያወጣ ከሆነ ተዉት። ከዚያ የፊት ጎማውን አንሡና መሪውን ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩ። መሀል ላይ «ቀጭ» ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ውሃ ገብቶታል። ጎማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ፤ መጫወት የለበትም። ሰንሰለቱን በመለኪያ ፈትሹት። ከረዘመ የኋላውንም ጥርስ አብሮ በልቶታል፣ ሁለቱን መቀየር ዋጋው ላይ ይደመራል። በመጨረሻ የአለን ቁልፉን አትርሱ።

የኮርሳዬን ጎማ ከነቸርኬው አዛውረዋለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ መግጠሚያውን እዩ። የድሮው ኮርሳ በቀጭን ዘንግ የሚፈታ ነው። አዲሱ ግራቭል ፊትም ኋላም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ወፍራም ዘንግ አለው። ማውንቴኑ ደግሞ ኋላው ይሰፋል። ብዙውን ጊዜ አይገጥሙም። ግን ግራቭል ገዝታችሁ ለእሱ ሁለተኛ ጥንድ ቸርኬ ብትይዙ፣ አንዱ ላይ የጭቃ፣ አንዱ ላይ ባለ 32 የአስፋልት ጎማ፣ አንዱ ሳይክል ሁለት ሆነ ማለት ነው።

በረዶ ሲጋገር ወጥቼ ልንዳ?

የጣለ ለስላሳ በረዶ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ደስ ይላል። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ውሃ ሌሊት የረጋበት ቀጭን መስታወት፣ በተለይ የእንጨት ድልድይ ላይ። እዚያ ላይ የትኛውም ተራ ጎማ አይይዝም። ጠንካራ የብረት ምስማር ያለው ጎማ ብቻ ነው የሚይዘው። ፊንላንድና ሚኔሶታ ያሉ ሰዎች ከርመው የሚነዱት በእሱ ነው። ዲሲ ላለ ሰው በዓመት ለጥቂት ቀን ስለሚሆን እኔ አልገዛሁም። በዚያ ቀን በእግሬ እሄዳለሁ።

ጭቃ ከሆነ የትም መንዳት ይቻላል?

አይቻልም፤ ይህን በትኩረት አንብቡልኝ። እርጥብ የጫካ መንገድ ላይ የሄደ ጎማ ቦይ ይቆፍራል። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ መንገዱም ይታጠባል። ያን መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋ ይዘው የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቨርጂኒያ ያለው ፋውንቴንሄድ ዝናብ ሲጥል ይዘጋል። ሮክ ክሪክ ፓርክ ዲሲ ውስጥ ደግሞ የአፈር መንገዶቹ ላይ ሳይክል ጭራሽ አይፈቀድም። ከመውጣታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

ዘዴው በጠዋት መውጣት ነው። ሌሊት በብርዱ የጠነከረው መሬት ሳይቀልጥ ገብታችሁ ሳይቀልጥ ውጡ። ፈለጋችሁን ዞር ብላችሁ እዩት። ጥልቅ ሆኖ ከታየ ወደ ጠጠሩ ወይም ወደ አስፋልቱ ተመለሱ። ግራቭል የመረጥንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጫካው ሲዘጋ ቀኑ አይበላሽም።

አዲስ አበባ ነኝ። የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ምክሩ ይሠራል?

ግማሹ ይሠራል። ብርዱና ጨው የለባችሁም፣ ዝናቡ ግን ከእኛ ይበልጣል። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለሳንባም ለማርሽም ከባድ ነው። ስለዚህ ከግራቭል ይልቅ ቀላል ማርሽ ያለው ሃርድቴይል ይሻላችኋል። እንደ በቾ ያለ ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ሲርስ የሚያልፍበት ጎማ የለም። እዚያ እስኪደርቅ ጠብቁ። ቀዩ አፈር ላይ ያንሸራትታል እንጂ እንደ መረሬው አያንቅም፤ ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሰፈራችሁ ወዳለው ብስክሌት ጠጋኝ ሄዳችሁ የትኛው ልክ ጎማና ካላማዳሪ እንዳለው ጠይቁ። እሱ የሚያውቀው ባለ 26 ከሆነ ባለ 29 ገዝታችሁ ጎማ ከውጭ እስኪመጣ ሳይክላችሁ ቆሞ አይክረም።

ስመለስ ምን ላድርግ?

ጭቃው ሳይደርቅ እጠቡት። በባልዲ ውሃና በብሩሽ። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ያለው ውሃ አትጠቀሙ፣ ኩሽኔታው ውስጥ ያለውን ግራሶ ያስወጣዋል። ሰንሰለቱን በጨርቅ አድርቁና ለእርጥብ ወቅት የሚሆነውን ወፈር ያለ ዘይት አንድ አንድ ጠብታ በየመገጣጠሚያው አድርጉ፣ የተረፈውን ጥረጉ። ዲስኩ ላይ ዘይት እንዳይነካ ተጠንቀቁ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። እኔ ከመታጠቢያው አጠገብ አሮጌ ፎጣና ፔርሙስ ሻይ አስቀምጬ ነው የምወጣው። ሻዩ ስመለስም ትኩስ ነው፣ ሳይክሉን እስካጥብ እጄን ያሞቅልኛል።